የሕፃን ምሳ ዕቃና የትምህርት ቤት ሥልጣን

በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሮዘራም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሮማርሽ፣ በ2006 በመስከረም ወር (ከባሕር ማዶ የሆነውን በምናነሣበት ስፍራ ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ እኩለ ቀን ሲሆን ጥቂት እናቶች በመካነ መቃብሩ ዳር፣ ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የብረት አጥር አጠገብ እየቆሙ፣ ከመንደሩ ሱቆች ገዝተው ያመጡትን በርገር፣ ሳንድዊችና የተጠበሰ ድንች ለልጆቻቸውና ምን እንደሚሹ አስቀድመው ላስታወቁ ባልንጀሮቻቸው በአጥሩ በኩል ያቀብሉ ነበር። ልጆቹም በወዲያኛው ወገን ተሰብስበው፣ ትኩስ ትኩሱን እየተቀበሉ፣ ደወል ሳይደወል ለመጨረስ ይጣደፉ ነበር።

ለዚህ ያበቃቸው የትምህርት ቤቱ አዲስ ሥርዓት ነው። ዝነኛው የወጥ ቤት ባለሙያ ጄሚ ኦሊቨር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የሚያቀርቡት ምግብ ምን ያህል የወረደ እንደ ሆነ ለሕዝብ ገልጦ ካሳየና፣ መንግሥትም በዚህ ተነቃቅቶ ምግቡን ለማሻሻል 280 ሚሊዮን ፓውንድ ሊመድብ ቃል ከገባ በኋላ፣ የሮማርሹ ትምህርት ቤት የገበታውን ዓይነት ለወጠ፤ ተማሪዎችም በምሳ ሰዓት ከግቢ እንዳይወጡ ከለከለ። እናቶቹ ደግሞ ሰልፉ ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር፣ ምግቡም ለልጆቻችን የማይስማማ ነው፣ ልጆቻችን እየተራቡ ይውላሉ ብለው አቤት አሉ። ጋዜጦች ሣሉባቸው፣ ተሳለቁባቸውም። ልጆቻቸውን በስብና በጨው የሚገድሉ ክፉ እናቶች ተደርገው በአገሩ ሁሉ ሲወቀሱ፣ ልጄ ተርቦ አይዋል የሚለው የእናትነት ሐሳባቸው ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ሰሚ አላገኘም። እኔ የበርገሩ ደጋፊ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚያ አጥር ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ አንድ ሕፃን ደኅንነት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል እላለሁ።

በእንግሊዝ አገር ከ2015 ጥር ወር ጀምሮ የጸናው የትምህርት ቤት ምግብ ደንብ፣ በየዕለቱ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲቀርብ፣ በዘይት ተጠልቆ የተጠበሰ ነገር በሳምንት ከ2 ጊዜ እንዳይበልጥ፣ ቸኮላትና ከረሜላም ከነጭራሹ እንዳይሰጥ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ የሚገዛው ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ አብስሎ የሚያቀርበውን ማዕድ እንጂ እናት ከቤቷ ሰንቃ የምትልከውን አይደለም። የምሳ ዕቃው ጉዳይ ለየርዕሰ መምህሩና ለየትምህርት ቤቱ ቦርድ ስለ ተተወ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ምክር ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ይከለክላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ ይመረምራል። በዚያው በ2015 ይኸው ጉዳይ በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥቶ፣ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ናሽ በጽሑፍ በሰጡት መልስ፣ ትምህርት ቤቶች በደንባቸው የከለከሉትን ምግብ ለመፈለግ ምሳ ዕቃ ቢፈትሹ የሚያግዳቸው ሕግ እንደሌለ፣ ተገቢ ሆኖ ሲገኝም የተገኘውን ሊወስዱ እንደሚችሉ አስታወቁ፤ ሲፈተሽ ግን ልጁ ራሱ ቢኖር፣ የሚወሰድ ነገር ሲኖርም ሁለተኛ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ቢገኝ መልካም ነው ሲሉ አከሉ። ከአንድ ሕፃን ምሳ ዕቃ ምግብ ሲወሰድ ሁለት ዐዋቂዎች አጠገቡ እንዲቆሙ መመከሩ፣ ነገሩ ምን ያህል ወደ ቤተ ሰብ ክብር የቀረበ መሆኑን ባለሥልጣኖቹም ሳይገነዘቡት እንዳልቀሩ ያሳያል።

ፍተሻው በሚደረግባቸው ትምህርት ቤቶች የምሳው ሰዓት ይህን ይመስላል። ጠዋት ለጅምናስቲክና ለመዝሙር ያገለገለው አዳራሽ፣ በመንኰራኵር የሚገፉ ረጃጅም ገበታዎች ተዘርግተውበት የምግብ አዳራሽ ይሆናል። የትምህርት ቤቱን ምግብ የሚበሉት ሰሃን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ከቤት ያመጡት ደግሞ በጋሪ ላይ ከተከመረው ምሳ ዕቃ ስማቸው የተጻፈበትን እየፈለጉ ያነሣሉ። አንዲት ተቆጣጣሪ በገበታዎቹ መካከል እየተመላለሰች፣ ክዳን ላቃተው ትከፍታለች፤ ብርቱካን መላጥ ላቃተው ትጀምርለታለች፤ የወይኑ ፍሬ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ ሆነም ታያለች። በዚህ ላይ ማንም ሊነቅፋት አይገባም፤ ያልተሰነጠቀ ወይን የትንሽ ሕፃንን ጉሮሮ ዘግቶ ነፍስ ሊያሳጣ ይችላልና። ነገር ግን ያችው ዓይን ወዲያው ወደ ቸኮላቱና ወደ ችፕሱ ትሻገራለች። ደንቡ ጥብቅ ከሆነ ቸኮላቱ ይነሣና እስከ መውጫ ሰዓት ከመምህሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ በምትኩም «ይህ በትምህርት ቤታችን አይፈቀድም» የሚል ትንሽ ወረቀት በምሳ ዕቃው ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ የተጻፈው ለእናት ነው። በባልንጀሮቹ መካከል የተቀበለው፣ ፊደል ከለየም ያነበበው፣ እስከ ማታም ተሸክሞት የሚውለው ግን፣ ገንዘብ የሌለው፣ ገበያ ያልወጣ፣ ምድጃም ያልለኮሰ የ6 ዓመት ልጅ ነው። የእኔም አቤቱታ ከሁሉ በፊት በዚህ ላይ ነው።

ይሁንና የትምህርት ቤቶቹን ምክንያት አቃልሎ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ምሳ ዕቃ ይዘት መዝግበው፣ ለትምህርት ቤት ምግብ ከወጣው መለኪያ ጋር ቢያመዛዝኑት፣ መለኪያውን ሁሉ ያሟላው ከመቶ 1.1 ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ከ10 ዓመት በኋላ በ2016 ይህንኑ ደግመው ቢያደርጉት ቁጥሩ ከመቶ 1.6 አላለፈም። አትክልት ወይም ሰላጣ የተገኘበት ምሳ ዕቃ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ነጭ ዳቦ በካም ወይም በቺዝ፣ አንድ ከረጢት ችፕስ፣ አንድ ብስኩትና ስኳር የበዛበት ጭማቂ፤ ይኸው ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም ይመላለሳል። በአፍላ ዕድሜው ጥርሱ የበለዘ፣ ሰውነቱም ከልክ በላይ የወፈረ ልጅ በየቀኑ ፊቱ የሚቀመጥ መምህር፣ ዝም ብዬ ልይ ቢል ሕሊናው እንዴት ይፈቅድለታል?

ሌላም ከዚህ የከበደ ምክንያት አለ። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ሕፃን፣ ባልንጀራው በለውዝ ቅቤ በተነካ እጁ ያቀበለውን ቍራሽ ቢቀምስ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ሊያጥር፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለውዝ ወደ ግቢያቸው እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ልጆችም አንዱ የሌላውን ምግብ እንዳይቀምስ ያዝዛሉ። ስለ ቸኮላቱ የሚደረገው ክርክርና ስለ ለውዙ የሚደረገው ክርክር አንድ አይደሉም፤ የፊተኛው ስለ ራስ ልጅ ጤና ነው፣ ሁለተኛው ስለ ባልንጀራ ነፍስ ነው። በሁለተኛው ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ቢጠብቅም መብቱ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ደባልቆ በአንድ ድምፅ መቈጣት ግን የሚከበረውን ትእዛዝ ከሚያከራክረው ጋር አብሮ ያዋርደዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ፤ የምሳ ዕቃው ክርክር እንዴት እንደ ተወለደ የሚታየው በዚያ ነውና። እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከቦዌሮች ጋር በተዋጋችበት ዘመን፣ ከ1899 እስከ 1902፣ ለወታደርነት ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በሰውነት ድካም ምክንያት ሳይመረጡ ቀሩ። መንግሥት ደንግጦ ያቋቋመው ጉባኤ በ1904 ባቀረበው መግለጫ ለተራቡ ተማሪዎች ምግብ ነገር እንዲታሰብ አሳሰበ፤ በ1906ም የየከተማው ምክር ቤት በግብር ገንዘብ ለተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከሁሉ ቀድማ የተነሣችው የሱፍ ፋብሪካ ከተማዋ ብራድፎርድ ናት። በዚያች ከተማ ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ ሴት፣ የተራበ ልጅ ማስተማር ከንቱ ድካም መሆኑን ሲሰብኩ ብዙ ዓመት አሳልፈው ነበር። በ1907 የትምህርት ቤቶቹ ሐኪም ዶክተር ራልፍ ክራውሊና ማሪያን ካፍ የተባሉት የወጥ ቤት መምህርት፣ ከድኾቹ ድኾች 40 ልጆች መርጠው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ቁርስና ምሳ እየመገቡ ክብደታቸውን መዘኑ።

የዚያን ገበታ አዘገጃጀት ሳነብ ልቤ ይነካል። ቁርሱ የአጃ ገንፎ ከወተት ጋር ነበር፤ ዳቦም ይከተላል። ገበታዎቹ የጨርቅ ልብስ ለብሰው፣ አበባ ተቀምጦባቸው ይጠብቋቸዋል፤ ከፍ ያሉት ሴቶች ልጆች ታናናሾቻቸውን ያስተናግዳሉ። በቤታቸው ቆመው፣ ተሻምተው ለሚበሉ ሕፃናት አበባ ያለበት ማዕድ ማቅረብ፣ ሆድን ከመሙላት ያለፈ፣ ሰው መሆናቸውን የማክበር ሥራ ነበር። በሚዛኑም ላይ ልጆቹ ካልተመገቡት ጓደኞቻቸው ይልቅ ክብደት ጨመሩ፤ በበዓል ምክንያት ምግቡ በተቋረጠበት ሳምንት ደግሞ ቀነሱ። ሐኪሙ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ ለተማሪዎች ምግብ ማቅረብን የየአውራጃው ግዴታ አደረገው፤ አንድ ትውልድም በዚያ ገበታ አደገ። በ1980 ግን ሌላ ሕግ ወጥቶ ያን ግዴታ ሻረው። የምግቡ መለኪያ ቀረ፣ አንድ ወጥ የነበረው ዋጋም ቀረ፤ አውራጃዎቹ እጅግ ድኻ ለሆኑት ብቻ እንዲያበሉ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከቤት ያመጡትን የሚበሉበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ተባለ። ብዙ ወጥ ቤቶች ተዘጉ። ምሳ ዕቃ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት እንዲህ የተስፋፋው፣ እናቶች ስለ ወደዱ ብቻ ሳይሆን መንግሥት ድስቱን ስላወረደ ነው። ሄንሪ ዲምብልቢና ጆን ቪንሰንት ለመንግሥት ባዘጋጁት የ2013 የትምህርት ቤት ምግብ ዕቅድ ላይ እንደ ተገለጠው፣ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱን ምሳ የሚበሉት ልጆች ከመቶ 43 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በ1980 ሸክሙን በእናት ትከሻ ላይ ጥሎ የሄደ መንግሥት፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ ተመልሶ ሸክሙን አላሳመርሽም ብሎ ሲወቅሳት፣ ወቀሳው እውነት ቢኖርበትም ፍትሕ የለበትም።

ጄሚ ኦሊቨር ራሱ ይህን ሳይረዳው አልቀረም። በ2008 ወደ ሮዘራም ሄዶ፣ ከአጥሩ እናቶች አንዷን አግኝቶ አነጋገረ፤ ከተማው መካከል የወጥ ቤት ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ከፍቶም፣ የተማረው ሁሉ ለሌሎች ሁለት ሰዎች እያስተላለፈ እንዲሄድ አደረገ። ብዙዎቹ ወላጆች ምግብ ማብሰል ከማንም ያልተማሩ ነበሩ። በጋዜጣ ከተሰደቡት ስድብ ሁሉ ይልቅ፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ያሳያቸው ሰው ጠቀማቸው።

ክርክሩ በእንግሊዝ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በአሜሪካ በቺካጎ፣ አብዛኛው ነዋሪ የሜክሲኮ ተወላጅ በሆነበት ሰፈር የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከቤት ምሳ ማምጣትን ጨርሶ መከልከሉ በ2011 በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ አከራክሯል። ትምህርት ቤቱ ያቀረበው ምክንያት የልጆቹ ጤና ነበር፤ ወላጆቹ ግን ለልጄ የማበላውን የምወስነው እኔ ነኝ አሉ። በዚያ ላይ አልቆይም፤ የጃፓን ነገር ይልቅ ያስተምራል።

ጃፓን የትምህርት ቤት ምግብን የጀመረችው በ1889 በያማጋታ አውራጃ በጹሩኦካ ከተማ ነው፤ የቡድሃ መነኰሳት በቤተ መቅደስ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ለድኻ ልጆች ሩዝ በእጅ ጨብጠው፣ ከጨው ዓሣና ከተቀመመ አትክልት ጋር ይሰጡ ነበር። በ1954 ይህ በሕግ ጸና። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ራሳቸው ነጭ ሽርጥና ቆብ ለብሰው፣ ከወጥ ቤት የመጣውን ለክፍል ጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ መምህሩም ከእነሱ ጋር በዚያው ክፍል ያንኑ ይበላል። ሁሉም አንድ ምግብ ስለሚበላ የሚፈተሽ ምሳ ዕቃ የለም። በመዋዕለ ሕፃናት ግን ነገሩ የተለየ ነው። የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪዋ አን አሊሰን በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚያ አገር ይኖሩ በነበረበት ጊዜ የልጃቸው መምህርት የምሳ ዕቃውን ነገር ምን ያህል ትከታተል እንደ ነበር፣ እናቶችም ሩዙንና አትክልቱን በአበባና በእንስሳ መልክ ለማስጌጥ እንዴት ይደክሙ እንደ ነበር ይተርካሉ። ልጁ ጨርሶ ከበላ እናቲቱ ትመሰገናለች፤ ካስተረፈ ጥፋቱ የእሷ ነው። በሠለጠነውም በድኻውም አገር፣ ምሳ ዕቃ በተከፈተ ቁጥር የምትመዘነው እናት ናት፤ አባት ሲመዘን አላየሁም።

በለንደን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ይህ ሁሉ እጥፍ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጣቸው የምሳ ዕቃ መመሪያ ብዙ ጊዜ በየቀኑ ወተት፣ እርጎ ወይም ቺዝ እንዲኖር ይመክራል። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ጾም መለማመድ የጀመረ ልጅ ግን ረቡዕና ዓርብን፣ ከዚያም 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀኖች እነዚህን አይቀምስም። እናቲቱ እንጀራውን በምስር ወጥ ወይም በሽሮ ጠቅልላ፣ ለትንሽ እጅ እንዲመች በትንንሹ ቆርጣ ስትልክ፣ ተቆጣጣሪዋ ቺዝ የት አለ ብትል፣ ልጁ ስለ ሥርዓተ ጾም ሊያስረዳ ነው? ሽንብራውና ምስሩ ግን በመመሪያው ራሱ ሥጋን የሚተካ ምግብ ተብሎ የተቈጠረ ነው፤ እናቲቱ ይህን የምታውቅበት ወረቀት በቋንቋዋ ስላልተሰጣት ብቻ፣ ያልበደለችውን እንደ በደለች ትሸማቀቃለች። በተቃራኒው ደግሞ፣ አያት ከአዲስ አበባ የላኩት ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ በፍቅር ተቋጥሮ በምሳ ዕቃው ጥግ ሲገባ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሕፃን ምን አደጋ እንደ ሆነ የነገራት የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አብሮ አለመብላቱ ነው። በእኛ አገር የትምህርት ቤት ግቢ ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ምሳ ዕቃቸውን መካከል ላይ ከፍተው፣ የአንዱን ፍርፍር አንዱ፣ የአንዱን ፓስታ ሌላው ሲጎርሱ ያድጋሉ። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ያደገች እናት፣ ልጇ ለባልንጀራው በማጉረሱ ተገሠጸ የሚል ወሬ ሲደርሳት ምን እንደሚሰማት ለመገመት አያስቸግርም። ክልከላው ስለ ነፍስ የተደረገ መሆኑን ስታውቅ ትቀበለዋለች፤ ማንም ባይነግራት ግን እጇንና ወጧን የተጸየፉ ይመስላታል።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በአዲስ አበባም ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ መግቢያ ችፕስ፣ ከረሜላና ለስላሳ እንዳይላክ፣ ፍራፍሬ እንዲጨመር ለወላጅ ያስታውቃሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙዝና ብርቱካን በየቀኑ መግዛት ለአንዱ ቤት ቀላል፣ ለሌላው ከባድ መሆኑን ያላሰበ ማስታወቂያ፣ ጤናን ላስተምር ብሎ የኑሮን ልዩነት በገበታ ላይ ያሰጣል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ከሚያበስሉትም ብዙዎቹ የተማሪዎቹ እናቶች ናቸው። ለንደንም ከ2023 መስከረም ጀምሮ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ላሉት ልጆች ሁሉ ምሳን በነጻ አድርጋለች። ከክዳን ገላጭ ደንብ ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ፤ ልጁን ጥሩ ምግብ ላብላው የሚል ሰው አስቀድሞ ምግቡን ያቅርብለት።

ይህ እስኪሟላ ድረስ ግን፣ ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ የምሳ ዕቃ ደንብ ስታወጡ እናቶችንና አባቶችን ጠርታችሁ አማክሩ፤ ወረቀቱን ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በትግርኛም በሶማልኛም ጻፉት፤ ነፍስ የሚነካውን ክልከላ ከምክሩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የምትሉት ነገር ሲኖር ለወላጁ በጆሮው ንገሩት እንጂ ከልጁ አፍ ፊት ምንም አታንሡ። እናንተም ወላጆች ወረቀቱን ሳታነቡ አትጣሉት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ልጃችሁ የሚጾም እንደ ሆነ ለመምህሩ ቀኖቹን ጽፋችሁ ላኩለት፤ ሽሮውንና ምስሩን ሳታፍሩ ቋጥሩ። ለውዙን ግን ስለ ሌላይቱ እናት ልጅ ብላችሁ በቤት አስቀሩት።